ተራዬ የነበረው ቅዳሜ

ሦስቱን መጻሕፍት ልጄ ሕይወት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም እኔ ጋ ስትመጣ በአንድ ፌስታል ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር ቋጥራ አመጣችልኝ። መንገዱ ሰንብቶ የተከፈተ ሰሞን ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ በጠርዙ በኩል ዘይት ጠጥቷል። ሽፋናቸው ያብረቀርቃል፤ ጥቁር ሰማይ፣ የተዘራ ኮከብ፣ መሃል ላይ እንደ ቅል ሆዷ የተነፋ መርከብ። ከሥር የጸሐፊው ስም አለ። ስሙን ሳይ መነጽሬን አውልቄ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና እንደገና አነበብሁት። ምናለ። የአባቱን ስም እዚህ አልጽፈውም። የልጅ ልጆች አሉት፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

“ታውቂዋለሽ እንዴ እማዬ?” አለችኝ ሕይወት።

“ጎረቤት ነበርን” አልኋት። ከዚያ በላይ አልጨመርሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ቡሬ ላይ ልጆች ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ብዙ ማውራት በደመወዝ ሲሆን እንኳ ያደክማል።

መጻሕፍቱ በእኛ ልጅነት በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ አንድ የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም ካቆመበት የሚቀጥሉ ልብ ወለዶች ናቸው። በዚያ ዘመን ፍኖተ ሰላም ያደገ ሰው ፊልሙን ያስታውሰዋል፤ “የሰማይ መርከብ” እንለው ነበር። አንባቢዎች በመጻሕፍቱ ላይ የሚከራከሩበት የቴሌግራም ገጽ አለ፤ ኔትወርክ በመጣ ቀን ሕይወት እየሳቀች ታነብልኛለች። አንዱ ሁለተኛው መጽሐፍ ከመጀመሪያው ይበልጣል ይላል። ሌላው ሦስተኛውን ጸሐፊው ደክሞት ነው የጻፈው ይላል። ሌላዋ ደግሞ ፊልሙን ያላየ ሰው አስተያየት ባይሰጥ ብላ ትቆጣለች። ታዲያ አንድ ቀን የአንድ የቡሬ ልጅ ጽሑፍ አነበበችልኝ። “ሻምበሉ በመጨረሻው ክፍል ሞቶ የለም እንዴ? የሦስተኛ ክፍል መምህራችን እንደዚያ ነው የነገረችን” ይላል። ከሥሩ የሳቀበት ሰው ብዛቱ! አንዱማ “መምህርህ ተኝታ ነው ያየችው” ብሎ ጽፏል።

ሕይወት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የሦስተኛ ክፍል መምህርቱ እኔ ነኝ። ሻምበሉ መሞቱን ለልጆች የነገርሁት እኔ ነኝ፤ ለእኔ የነገረኝ ደግሞ ስሙ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ሰው ነው። መጽሐፉን ገለጥሁት። ሻምበሉ ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቆሞ ትእዛዝ ይሰጣል።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ወደ ቡሬ በሚወጣው መንገድ በኩል ነበር። ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው መሬት በቆሎ ነው፤ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የእነ ምናለ። በሁለቱ ማሳዎች መሃል አባቶቻችን በባሕር ዛፍ አጣና የሠሩት አንድ ማማ ነበር። እሸቱ ወተት ሲይዝ ጦጣው ከወንዙ ዳር ዛፍ እየወረደ ይገባል፤ ልጅ ማማው ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ካልጠበቀ ጎተራ የሚደርስ የለም። ከዝናብ በኋላ የበቆሎ ማሳ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ጣፋጭና ትንሽ የኮመጠጠ፣ እንደ ጠላ ጥንስስ። ዝናቡ ሲያባራ ከማማው ሥር መሬቱን ቆፍረን ገበጣ እንጫወታለን፤ አንዳችን ስንጫወት አንዳችን ቀና ብለን ዛፉን እናያለን።

ቴሌቪዥኑ ያለው ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር። የብረት መዝጊያ ባለው የእንጨት ሳጥን ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከዘበኛው አንገት አይወርድም። ቅዳሜ ሰው ከገበያ ሲመለስ፣ ፀሐይ ስትበርድ ይከፈታል። አግዳሚው ለትልልቅ ሰዎች ነው፣ ሲሚንቶው ለእኛ። እርጥብ ጋቢ፣ ቅቤ የጠጣ ጸጉርና የሲሚንቶ አቧራ አንድ ላይ ይሸታሉ። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ የሚገባው የለም፤ ሽማግሌዎቹ ግን የመሰላቸውን ጮክ ብለው ይተረጉማሉ። አዛዡን ሻምበል ያሉት እነሱ ናቸው፣ ትከሻው ላይ ምልክት ስላለው። እሱ አንድ ነገር ባዘዘ ቁጥር “እሰይ! ይህ ሰው አሳዳጊ አለው” የሚሉ አንድ አባት ነበሩ። እሳቸው እንዲህ ካሉ ትእዛዙ ልክ ነው ማለት ነበር።

እኔ የምወደው ግን ሻምበሉን አልነበረም። ከፊት ተቀምጣ ለመርከቧ አቅጣጫ የምትሰጥ አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች፤ መንገድ መሪዋ እንላታለን። መርከቧ ከአገሯ ርቃ ጠፍታለች። በየሳምንቱ ሌላ ሰማይ፣ ሌላ ጠላት፣ ሌላ ጠብ ይገጥማቸዋል። ሴትዮዋ ሥራ ጋብ ሲልላት ከኪሷ ፎቶግራፍ አውጥታ ታያለች። የትንሽ ልጅ ፎቶግራፍ ነው፤ ልጇ መሆኗን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ለእኔ ታሪኩ በሙሉ ይኸው ነበር። ይህች ሴት ልጇ ጋ ትደርሳለች ወይስ አትደርስም?

እንግዲህ ቅዳሜ አመሻሽ ጦጣውም የሚበረታበት ሰዓት ነው። ሁለታችንም ሄደን ማሳውን ባዶ መተው አይታሰብም። ትልልቆቹ ሲያርሱና ሲያጭዱ ወንፈል ይገባሉ፤ ዛሬ እኔ ላንተ እሠራለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ። እኛም እነሱን አይተን የቴሌቪዥን ወንፈል ገባን። አንድ ቅዳሜ እኔ ሄጄ አያለሁ፣ ምናለ የሁለታችንንም ማሳ ይጠብቃል። በሚቀጥለው እሱ ያያል፣ እኔ እጠብቃለሁ። ያየው ተመልሶ ማማው ላይ ይወጣና አንድ ሳያስቀር ይናገራል፤ የጠበቀው እሸት ጠብሶ ይቆየዋል። ሕግም አወጣን፦ ጠያቂው ሳይጠግብ ተናጋሪው ከማማው አይወርድም። አባቴ ወንፈል ያፈረሰ ሰው ቀባሪ አያገኝም ይል ነበር። እኔ ይህን እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ነው የያዝሁት።

ምናለ ሲናገር ጠብ ይወድዳል። አጣናው ላይ ይቆማል፣ የተጋጠ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይወረውራል፣ የመርከቧን መድፍ በአፉ ያጓራል፣ ማማው እስኪወዛወዝ። “ከዚያ ድው! ከዚያ ደግሞ ድው!” ለምን እንደተጣሉ ስጠይቀው “እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ጠላት ናቸው!” ይለኛል። እኔ ስናገር ደግሞ ማን ማንን በምን ዓይን እንዳየው፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን እህል እንዳልቀመሰ እናገራለሁ፤ እሱ “መቼ ነው የሚተኩሱት?” እያለ ይነዘንዘኛል። እውነት ለመናገር ያ ታሪክ እንደዚያ ሲነገር ሙሉ ነበር። እሱ ጠቡን ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔ ምክንያቱን ይዤለት እሄዳለሁ። ሁለት ሆነን አንድ ተመልካች ነበርን ማለት ይቻላል። ይህን በጎ ነገር ስለ ምናለ የምጽፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በቆሎው መድረቅ ሲጀምር ምናለ ወባ ያዘው። ለሥራ በረሃ ወርደው የተመለሱ አጎቱ አመጡት ተባለ። በዚያ ቅዳሜ የማየት ተራው የእኔ ነበር፤ ነገር ግን የሚጠብቅልኝ ስለሌለ ሁለቱንም ማሳ ስጠብቅ ዋልሁ። የእነሱን ማሳ ትቼ የራሴን ብቻ መጠበቅ እችል ነበር። አላደረግሁትም። ጦጣው በእነሱ በኩል ሲገባ ሮጬ፣ በእኛ በኩል ሲገባ ሮጬ፣ ጉልበቴ ዛለ። ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ልጆቹ የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሰማይ መርከብ ሊያልቅ ነው፣ የቴሌቪዥኑ አስተዋዋቂ በአማርኛ ተናግራለች። እኔም ለራሴ አልሁ፣ ያለፈው ተራዬ አልፎኛል፤ የመጨረሻው የእኔ ነው። ምናለም በመስኮት በኩል ገርጥቶ እያየኝ “አዎ፣ ያንቺ ነው” አለኝ። ይህን በአፉ ብሏል።

ቅዳሜ እናቴ ጸጉሬን ሠራችኝ። እግሬን ታጠብሁ፣ ለቁልቢ ስለት ተሰፍታ የተቀመጠች ቀሚሴን ለበስሁ። ልወጣ ስል የምናለ እናት እማማ ጠጂቱ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ከደጃችን መጡ። የሞቱ ሴት ናቸው፤ ነፍስ ይማር ብዬ ልቀጥል።

“ልጄ ከሞት አፍ ነው የተመለሰ። እሱ ሄዶ ደስ ይበለው” አሉ።

“ተራው የእኔ ነው እኮ እማማ” አልሁ።

“ኧረ በማርያም! ተራ? የወፍጮ ቤት ተራ መሰለሽ?” ወደ እናቴ ዞሩ። “አንቺ፣ ይችን ልጅ እንዲህ አፏን አስከፍተሽ ነው የምታሳድጊያት? ሴት ልጅ በአመሻሽ አዳራሽ ገብታ ምን ልትሆን ነው? ወንድ ልጅ እያለ!”

እናቴን አየኋት። ስንት ቅዳሜ ስሄድ አመሻሽ መሆኑን ታውቃለች። ወንፈላችንንም ታውቃለች፤ ለአባቴ እየሳቀች የነገረችው እሷ ናት። ጎረቤት ላለማስቀየም ብላ ነው፣ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን አቀርቅራ “ውጪ ልጄ፣ ማማው ላይ ውጪ” ስትለኝ ከእማማ ጠጂቱ ይልቅ እሷ ናት የወጋችኝ። በዚህ ነገር አንድ ቀን ሳልወቅሳት ቀበርኋት። ምናለ መሬት መሬት ያያል። “ተራው የእሷ ነው” ቢል እናቱ ያዳምጡት ነበር፤ ከወባው ወዲህ ያለውን ሁሉ ይሰሙት ነበር። አላለም። ሄደ።

ቀሚሴን ሳልቀይር ማማው ላይ ወጣሁ። ቂም ይዤ እንኳ ሕጉን አላፈረስሁም፤ ከቀረው እሸት ለስላሳውን መርጬ ጠበስሁለት። ንፋሱ ከከተማው በኩል ስለነበር የአዳራሹን ጫጫታ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ፤ የሰማሁት የገበያ አህያ ብቻ ነው። ምናለ የመጣው ከወትሮው ቀደም ብሎ፣ ገና ብርሃን ሳለ ነው። ሮጦ መጥቶ መሰለኝ። ማማው ላይ ወጣ፤ አልቆመም፣ አላጓራም፣ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

“ሻምበሉ ሞተ” አለ።

“እንዴት ሞተ?”

“ሞተ በቃ። ተኮሱበት።”

“መንገድ መሪዋስ? ልጇ ጋ ደረሰች?”

“አላየሁም።”

“እንዴት አላየህም? ዓይንህ ምን ሆኖ?”

“አላየሁም አልሁሽ እኮ! አለቀ። አለቀ ስልሽ!”

የጠበስሁለትን እሸት በእጁ እንደያዘ ወረደ። እኔ አልጠገብሁም ነበር። “ምናለ! ጥያቄ አለኝ!” ብዬ ተጣራሁ፤ አገዳው መሃል ገብቶ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ አልመለሰም። ከዚያ ቀን በኋላ አላነጋገርሁትም። ትምህርት ቤትም ልጆቹ ስለ ፊልሙ ሲያነሡ ጆሮዬን ይዤ እሸሽ ነበር፤ የማንንም ወሬ መስማት አልፈለግሁም። በቆሎው ተሰብሮ ገባ፣ ማማው ለማገዶ ፈረሰ፣ በዓመቱ ምናለን ቡሬ ያሉ ዘመዶቹ ለትምህርት ወሰዱት፤ ከዚያ አዲስ አበባ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሱ ይርሳ አይርሳ አላውቅም፤ እኔ ግን ያ አገዳ ሲንኮሻኮሽ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሻምበሉን አዝኜ ቀበርሁት። ለታናናሾቼ ስነግራቸው ሞቷል፣ በኋላም ክፍል ውስጥ ዝናብ ጥሎ መሄጃ ስናጣ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሞቷል። ስለ መንገድ መሪዋ ሲጠይቁኝ፣ እነሱም ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፣ የራሴን እሰጣቸዋለሁ፤ አንዳንድ ዓመት ትደርሳለች፣ አንዳንድ ዓመት አትደርስም፣ እንደ ጤናዬ ነው። ሻምበሉን ግን አንድ ቀን ከሞት አላስነሣሁትም። ምናለ አይቷል ብዬ አምኛለሁና። በወንፈል ተናጋሪን ማመን ግድ ነው፣ ካላመንሁት የጠበቅሁት ለምኑ ነው?

ሦስቱንም መጻሕፍት ጨረስኋቸው። አስተያየት ከሆነ የሚፈለገው፣ ይኸው የእኔ። አማርኛው የተስተካከለ ነው፤ በዚህ አልዋሸውም። ነገር ግን ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ድው ድው ነው። ሰዎቹ ለምን እንደሚጣሉ ጸሐፊው ዛሬም አያውቅም። መንገድ መሪዋ በሁለተኛው መጽሐፍ ብቅ ብላ “ወደ ግራ” ትላለች፤ በሦስተኛው ያንኑም አትልም። እኔ እነግረው የነበረው ግማሽ ከመጻሕፍቱ ላይ ጎድሎ ይታየኛል። አንባቢዎቹ ይህን በሌላ ቃል ይላሉ፤ “ገጸ ባሕርያቱ ጥልቀት የላቸውም” ይላሉ። ጥልቀቱ ማማው ላይ ቀርቶ ነው።

ባለፈው የካቲት ምናለ ለዘመድ ተስካር ፍኖተ ሰላም መጣ። ወጣቶቹ ይህን ሰምተው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የመጽሐፍ ውይይት አዘጋጁ። ሕይወት ያን ሰሞን እኔ ጋ ነበረችና “አንቺ ደግሞ ቤትሽ ተቀምጠሽ ከምታጉረመርሚ እዚያው ሄደሽ ንገሪው” አለችኝ። ሄድሁ። ሰው ሞልቷል። አንድ ወጣት መድረክ ይመራል፤ እያንዳንዱ አንባቢ ተነሥቶ “ጋሼ፣ ሥራዎ ትልቅ ነው” ይልና ከዚያ ይወጋል። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ሦስተኛውን መጽሐፍ ከግማሹ ላይ እንዳቆመችው ፊት ለፊት ነገረችው፤ እሷን ወደድኋት። ከኋላ የተቀመጡ አንድ የቅኔ መምህር ደግሞ ጥምጥማቸውን አስተካክለው “አንድ ነገር ከነከነኝ። ፀሐይ በማትወጣበት በማትገባበት አገር እነዚህ ሰዎች ጾሙን በምን ይቆጥሩታል?” ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምናለም ሳቀ፣ በአራተኛው መጽሐፍ አስብበታለሁ አለ። አሳሳቁ የእናቱ ነው።

እጄን አነሣሁ። “እኔ የምጠይቀው ቀላል ነው። ሻምበሉ በመጨረሻው ክፍል አልሞተም ወይ?” አልሁ።

ሳቅ ሆነ። ከጎኔ ያለ ልጅ በትሕትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “እማማ፣ አልሞተም እኮ፤ ኔትወርክ ቢኖር አሁኑኑ ባሳየሁዎት” አለኝ። ምናለ ከመድረኩ ላይ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ “እማማ፣ ተመልካች በየራሱ መንገድ ሊረዳው ይችላል...” ብሎ ጀመረ።

“እማማ አትበለኝ” አልሁት። “አንተ በጥር ክርስትና ተነሣህ፣ እኔ በየካቲት። ትርንጎ ነኝ። ማሳህን ስጠብቅልህ የነበርሁት።”

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁትም። ሰው ሲበተን ከደጅ ዛፍ ሥር አገኘኝ። ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ፤ እጄን ሰጠሁት። ጸጉሩ ነጥቷል፣ ጉንጩ ወርዷል። ወዲያና ወዲህ አየና “ትርንጎ፣ ያን ቀን አዳራሹ ዝግ ነበር” አለኝ።

“የትኛው ቀን?” አልሁት፣ እንዲለው ፈልጌ።

“ተራሽን የወሰድሁ ቀን። ሳጥኑ ተቆልፏል፤ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ተጠርቶ ግቢው ታጣቂ ሞልቶታል። ዘበኛው በዱላ አባረረን። ምንም አላየሁም። ተራሽን ቀምቼ ባዶ እጄን ልመጣ? አሳፈረኝ። ሻምበሉ ከሞተ ሌላ የምትጠይቂው አይኖርም ብዬ ገደልሁት።”

“የምጠይቀው ነበረኝ።”

“አዎ” አለ። “እሷን አላሰብኋትም ነበር።”

ቆይቶ፣ አዲስ አበባ ሥራ ከያዘ በኋላ፣ የመጨረሻውን ክፍል በካሴት ማየቱን ነገረኝ። ካሴቱን ለእኔ መላክ፣ ቃል መላክ፣ ቢያንስ በሰው “አልሞተም በሏት” ማለት አላሰበም። እኔም አልጮህሁበትም። ደክሞኝ ነበር፤ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። “በል እንግዲህ አሁን ንገረኝ። አንድ ሳታስቀር” አልሁት። ጀመረ። ሁለት መርከቦች ተጋጠሙ፣ የግራ ክንፉ ነደደ፣ እጆቹ መወራጨት ጀመሩ፣ ሽማግሌው ሰውዬ ልጅ ሆነ። “ጠቡን ተወው። መንገድ መሪዋ ምን ሆነች?” አልሁት። እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ግንባሩን አሸ። “እሷን... ትርንጎ፣ ሙች አላስታውሳትም” አለ። እሷን ሳያስታውስ ነው እንግዲህ ሦስት መጽሐፍ የጻፈው። ወዲያው ወጣቶቹ “ጋሼ ምናለ፣ ምሳ ቀረበ!” ብለው ተጣሩ። እደውልልሻለሁ ብሎኝ ሄደ። ይቅርታ አድርጊልኝም አለኝ፣ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። “እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ” አልሁት። እንዲህ የሚባለው እኔ ገና ነኝ ለማለት ነው፤ አገሬው ያውቀዋል፣ እሱም ያውቀዋል።

ለትንሣኤ ቡሬ ልጄ ጋ ሄድሁ። እዚያ ያን ሳምንት ኔትወርክ ነበር። ሕይወት ነገሩን ከልቧ ይዛው ኖሮ የመጨረሻውን ክፍል ፈልጋ ስልኳ ላይ አውርዳ ጠበቀችኝ። “ነይ እማዬ፣ ገላገልሁሽ” አለችኝ። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። ከመዳፍ የማትበልጥ ምስል ናት። መርከቧ ድስት መሆኗ ያስታውቃል፣ ጠላቶቹ ፊታቸው ላይ ሊጥ የተቀቡ ሰዎች ናቸው፣ ሻምበሉ በእኔ ዓይን ዛሬ ልጅ ነው። ሕይወት አንዳንዴ ትስቃለች፣ ከዚያ እኔን ታይና ዝም ትላለች። አንዴ ክቡ ምልክት እየዞረ ምስሉ ቆሞ ብዙ አቆየን። እኔ መጠበቅ እችላለሁ፤ እሱን ከማንም በላይ እችላለሁ።

ዛሬ ልጆች ይህን ሁሉ በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። የፈለገ በፈለገው ሰዓት ያያል፣ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ማንም የማንንም ተራ አይቀማም። ይህ ጥሩ ነው፣ ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን ሁሉም በየራሱ ካየው ማን ለማን ይናገራል? የሕይወት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሦስት የተለያየ ነገር ያያሉ፣ እራት ላይ “ምን አያችሁ?” ስላቸው “ምንም” ይሉኛል። እኛ አንዱ ያየውን ሁለት ሆነን ሳምንት እንኖርበት ነበር። ያን ዘመን አልናፍቀውም፤ ብዙ ነገሩ መራራ ነው። የምናፍቀው፣ ሰው ማማው ላይ ሲወጣ አፉን አፉን እያየሁ “እሺ፣ ከዚያስ?” ያልሁበትን ሰዓት ነው። ያን ደግሞ አንድ ሰው በፈጠራት ሞት አበላሸብኝ።

ምናለ ከፋሲካ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውሏል። አራተኛውን መጽሐፍ እየጻፈ መሆኑን ሕይወት ከገጹ ላይ አንብባልኛለች። ሊጠይቀኝ የፈለገውን አውቀዋለሁ፤ መንገድ መሪዋ ምን እንደሆነች ነው። ስልኩን አላነሣሁለትም። ከፈለገ እንደማንኛውም አንባቢ እዚህ ያንብበው።

በዚያ ቅዳሜ ከአዳራሹ ደጅ በዱላ የተመለሳችሁ ልጆች ግን ብዙ ነበራችሁ፤ ዛሬ ሁላችሁም ሽበት አብቅላችኋል፣ የቀራችሁም ጥቂት ናችሁ። ያየ ሰው መናገር አለበትና ልንገራችሁ። ሻምበሉ አልሞተም። ጠቡ ከመሃል በፊት ያልቃል፣ እሱን ተዉት። መርከቧ አገሯ ትገባለች፤ ሜዳ ላይ ታርፋለች፣ ሰው ሁሉ እየተጯጯኸ ይወርዳል፣ ሙዚቃ አለ። መንገድ መሪዋ አትነሣም። ሁሉም እስኪወርድ ወንበሯ ላይ ትቆያለች፤ የሚያበራውን መብራት አንድ በአንድ ታጠፋለች፣ ቤት እንደምትዘጋ ሴት። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ትወርዳለች። ከታች አንዲት ሙሉ ሴት ቆማለች፤ ፎቶግራፉ ላይ ካለችው ልጅ የቀረው ግንባሯ ብቻ ነው። ይተያያሉ። አይተቃቀፉም፣ አይላቀሱም፤ እኔ በልቤ ስንት ዓመት አላቅሻቸው ነበር። ልጅቱ እጇን ትዘረጋና ቦርሳውን ከእናቷ ትቀበላለች። ጎን ለጎን ሆነው ሜዳውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ጀርባቸው እስኪያንስ ድረስ።